መልስ፦ ትምህርት ቤት ሳይኖር የሥዕልና የጽሕፈት ሙያውን እንዴት ይማሩት ነበር?

ወንድሜ፣ «የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይከፈት በፊት አገራችን ሰው ሥዕልና ጽሕፈት ከማን ይማር ነበር?» ብለህ ጠይቀሃል። ባጭሩ፣ ከአባቱ ወይ ከመምህሩ ሥር ቁጭ ብሎ ነው።

ቁም ጸሐፊውን፣ ማለትም መጽሐፍ በእጁ የሚጽፈውን ባለሙያ ውሰድ። ተማሪው ብዕር ከመያዙ በፊት ቆዳውን ማወቅ አለበት። የፍየል ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ጸጉሩና ስቡ እስኪጠፋ ይፋቃል። ከዚያ ብራናው፣ ማለትም ለመጻፊያ የተዘጋጀው ቆዳ፣ ዳር ዳሩን በወስፌ ይበሳል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለቀለም ይሰመራል። ብራና ላይ በጎን ብርሃን ብታይ ያቺ መስመር ዛሬም ትታያለች፤ እኔ መጀመሪያ ሳያት በጣም ነው የገረመኝ። የመቃውን ብዕር መቅረጽ፣ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ማዘጋጀት፣ የቅዱሳንን ስም በቀይ መጻፍ፣ ሁሉም እያዩ እየሠሩ የሚለመድ ነው። ሠዓሊውም እንደዚሁ፣ የመምህሩን ሥራ እየገለበጠ ነው እጁን የሚያፍታታው።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ አለ ፈለገ ሰላም ሲሆኑ፣ እሳቸው በአሜሪካ ቺካጎ ተምረው የመጡ ናቸው። በኋላ እነ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረውበታል። ያኔ መገልበጥ ቀርቶ የራስን መንገድ መፈለግ መጣ። እኔ ይሄን እወዳለሁ፤ ግን ብራና ፋቂዎቹ እየቀነሱ መሄዳቸው ያሳዝነኛል። ሙያው በመጽሐፍ አይተላለፍማ፣ የሚተላለፈው በእጅ ነው። ቅርብህ የሚሠራ ሰው ካለ ሄደህ እይ፣ ቆዳ ሲፋቅ ድምፁን ስማ።