መልስ፦ መርዶው ያልመጣን ወታደር ስለማሰብ
ጠያቂያችን፣ በኤርትራ ግንባር የነበረው የመንግሥት ጦር ናደው ዕዝ በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ሲደመሰስ የአባትዎ ደብዛ እንደጠፋ፣ እናትዎም «መርዶ አልሰማሁም» ብለው ተዝካር እንዳይወጣ እንደከለከሉ ጽፈው፣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠይቀዋል።

በእኔ እምነት እናትዎን ማስገደድ አይገባም። ከአፋቤት ጥቂት ወራት በኋላ፣ በኦጋዴን ጦርነት ተማርከው ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት የቆዩ ወታደሮች፣ አብራሪው ኮሎኔል ለገሰ ተፈራን ጨምሮ፣ በሕይወት ተመልሰዋልና የእናትዎ ተስፋ መሠረት የሌለው አልነበረም። የተዝካሩን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመክሩበት ይሻላል።

እርስዎ ግን የአባትዎን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ማዕረጋቸውን፣ ክፍለ ጦራቸውንና የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈበትን ቀን በአንድ ደብተር ያስፍሩ፤ ፖስታውንም አይጣሉ፤ በላኪው ስም ሥር የተጻፈ የጦር ክፍል አድራሻ ካለ ጓዶቻቸውን ለማግኘት ይረዳል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ስላለው ጥያቄዎን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። ከሁሉ በፊት ግን፣ አብረዋቸው የዘመቱት በዕድሜ እየገፉ ስለሆነ፣ የእነርሱን ቃል በድምፅ ይቅረጹ።