የላንድክሩዘር ታይሚንግ ቺንጋ ቤት ውስጥ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር አለኝ፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚለው መብራት በርቷል፣ መኪናው ግን ደህና ይሄዳል። ጥቂት ብነዳው ምን ይሆናል? ቁልፎች ስላሉኝስ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ፦ ከመቀየርዎ በፊት ባይነዱት ይሻላል። መብራቱ ቺንጋውን አይመረምርም፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ብቻ ይበራል። የቆጣሪው ኬብል ተበጥሶ የቆየ ከሆነማ ቺንጋው ከዚያም በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ቺንጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ ነው የሚበጠሰው። ያኔ ቺንጋው የሚያዞረውና ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ (ካም ሻፍቱ) ይቆማል፤ ፒስተኖቹ ግን ወደ ላይ መውጣታቸውን ስለሚቀጥሉ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች መትተው ያጣምማሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ራስ) ማውረድ ነው።

ራስዎ መቀየር ይችላሉ፤ 1ኤችዜድ ለዚህ ከሚመቹት ሞተሮች አንዱ ነው። የነዳጅ ፓምፑ በጥርስ ስለሚነዳ ቺንጋው የሚያዞረው ካም ሻፍቱን ብቻ ነው፤ የክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፑሊ መፍታት አያስፈልግም። የሃይሉክስ 3ኤል እና 5ኤል ግን እንዲህ አይደሉም፤ ቺንጋቸው ከክራንኩ ተነስቶ ፓምፑንም ስለሚያዞር የክራንክ ፑሊ መንቀያ ይጠይቃሉ። ለጀማሪ አንመክርም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ ከዚያ የቺንጋውን ሽፋን ያንሱ። በክራንኩ ብሎን፣ ከፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ፣ ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። የክራንክ ፑሊው ምልክት ዜሮው ላይ ሲደርስ የካም ፑሊው ምልክትም ከቦታው መግጠም አለበት። ካልገጠመ ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ፤ ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ነውና። አሮጌው ቺንጋ ሳይወጣ እሱንና የሚዞርባቸውን ሁለት ፑሊዎች በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉባቸው፤ በምልክቶቹ መካከል ያሉትን ጥርሶች ቆጥረው ወደ አዲሱ ያስተላልፉ።

የቴንሽነሩን (ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘውን ዘይት ያለበት ክፍል) ሁለት ብሎኖች እያፈራረቁ ፈትተው ቺንጋውን ያውጡ። ቺንጋው ከወጣ በኋላ ክራንኩን ፈጽሞ አያዙሩ፤ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ቴንሽነሩ ገፍቶ ቺንጋው ላይ የሚያሳርፈውን የማወጠሪያ ኩሽኔታ በእጅ ያሽከርክሩት፤ ከተንኮራኮረ ወይም ከተወዛወዘ ይቀየር። የካም ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ዘይት ካፈሰሰም እንዲሁ፣ ዘይት የነካው ቺንጋ ዕድሜ የለውም። ቴንሽነሩ ዘይት ካሳየ ወይም ዘንጉ በእጅ ሲጫኑት ከገባ ሞቷል። በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ አዲስ ቺንጋ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው።

አዲሱን ቺንጋ አይጠፉት፣ አይጠምዝዙት፣ በካቻቢቴም ገፍተው አያስገቡት። ከቴንሽነሩ ተቃራኒ ያለው ወገን ውጥር ይሁን። ቴንሽነሩን በሞርሳ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ቸኩለው ከጫኑት ውስጡ ይጎዳል። ቀዳዳዎቹ ሲገጣጠሙ 1.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሰኩበትና ይሰሩት፤ ብሎኖቹን እያፈራረቁ በ13 ኒውተን ሜትር አጥብቀው ሽቦውን ይንቀሉ።

አሁን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር። የሆነ ቦታ ላይ ደርቆ ከቆመ አያስገድዱት፤ ቺንጋውን አውጥተው እንደገና ይግጠሙ። ምልክቶቹ በአንድ ጥርስ እንኳ ከተዛነፉ ሞተሩ በችግር ይነሳል፣ ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። በስታርተር መሞከር የሚቻለው ምልክቶቹ ሁሉ ልክ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ቺንጋውን ካስቀየርኩ በኋላም መብራቱ አልጠፋም። ለምን?

መልስ፦ መብራቱ አዲስ ቺንጋ መግባቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው በእጅ ነው የሚጠፋው። በአንዳንድ ዳሽቦርዶች ቆጣሪው ፊት ላይ ትንሽ የጎማ መክደኛ አለች፤ እሷን አውጥተው ከኋላዋ ያለውን ቁልፍ በቀጭን ዘንግ ይጫኑ። በሌሎቹ ደግሞ ዳሽቦርዱ ወጥቶ ከጀርባው ያለች አንዲት ቪዳ ወደ ጎን ቀዳዳ ትዛወራለች። አምፖሉን መንቀል ግን አይገባም፤ ቀጣዩን 100,000 የሚያስታውስዎት እሱ ነው።