ቁጥሩ ከየት መጣ?

ልጆቼ፣ ምርምር ልትጀምሩ ያሰባችሁ ሐኪሞች፣ አዋላጆችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች «ምን ርዕስ ልያዝ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የእርግዝና ስኳርን ሳጠና ነው። ርዕስ አልመርጥላችሁም። ፊታችሁ የሚቀርብ ቁጥር ሁሉ ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ርዕሱ ራሱ ይመጣል።

ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩ ሆርሞኖች የእናትየውን ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ያዳክሙታል። ቆሽቷ ያንን የሚያካክስ ካላመረተ ስኳሯ ይጨምራል። ስኳሩ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ፅንሱም የራሱን ኢንሱሊን አብዝቶ ያመርትና ይወፍራል። ይህን ያብራራው የኮፐንሃገኑ ሐኪም ዮርገን ፔደርሰን ነው። እኛ ዘንድ ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል። ሲወለድ ትከሻው መውጫው ላይ ሲያዝ የነበረውን ጭንቅ የምታውቀው አዋላጇ ናት።

ታዲያ ስኳሩ ስንት ሲሆን ነው «አለባት» የሚባለው? እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦስተን ውስጥ ጆን ኦሱሊቫንና ክሌር ማሃን 752 ነፍሰ ጡሮችን መርምረው ልኬት አወጡ። ልኬቱ የተመረጠው ግን እናትየው ወደፊት የስኳር ሕመም ይይዛት እንደሆነ እንዲጠቁም ነው። ስለ ሕፃኑ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሐኪሞች በዚሁ ልኬት ስለ ሕፃኑም ሲወስኑ ኖሩ። ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጥያቄውን እንደ አዲስ ያነሱት የቺካጎው ቦይድ ሜትዝገርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ9 አገሮች 25 ሺህ ያህል ነፍሰ ጡሮች 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው ተመረመሩ። ውጤቱ በጣም ከፍ ካላለ በቀር ለእናቶቹም ለሐኪሞቻቸውም አልተነገረም። በ2008 የወጣው መልስ ብዙዎችን ግራ አጋባ፦ ስኳሩ ከፍ ባለ ቁጥር አደጋውም አብሮ ከፍ ይላል እንጂ «ከዚህ በታች ሰላም ነው» የሚባል ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ በ2010 ባለሙያዎች ተሰብስበው ተከራከሩና በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊግራም በዴሲሊትር ብለው ወሰኑ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ተቀበለው። ቁጥሩ የሰው ውሳኔ ነው። ይህ ማለት ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ2005 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ሕክምና ካገኙት እናቶች ልጆች ላይ ከባድ ችግር የደረሰው 1 በመቶው ላይ ብቻ ሲሆን፣ ካላገኙት 4 በመቶው ላይ መሆኑን አሳይቷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1999 በትግራይ ገጠር የተሠራ ጥናት ከነፍሰ ጡሮቹ 3.7 በመቶው ላይ የእርግዝና ስኳር አገኘ። በ2019 የወጣው የጎንደር ከተማ ጥናት ደግሞ 12.8 በመቶ። «በሃያ ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመረ!» ብሎ ለመጻፍ እጅ ይበላል። ቆይ እንጂ! አንዱ ገጠር ነው፣ አንዱ ከተማ። መለኪያውም ተቀይሯል። በሽታው ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ግን ያንን አይነግሩንም።

ከሁሉም በላይ ግን ለምርመራ ደም የሚቀዳበትን ቱቦ ተከታተሉት። ነርሷ «እህቴ፣ ቁርስ በልተሻል?» ትላለች። «ኧረ ምንም! ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት።» ቡናው በስንት ማንኪያ ስኳር? ያንን የሚጠይቅ የለም። «ዛሬ ምን ቀመስሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ደሙ ይቀዳና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። መብራት ሄዷል፣ ወይ ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን፣ ሴንትሪፉጁ፣ ሌላ ሥራ ላይ ነው። ቱቦው ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ደግሞ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም። በክፍሉ ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይወርዳል። ሲቀዳ 96 የነበረው ከአንድ ሰዓት በኋላ 90 ሆኖ ይነበባል። ከ92 በታች ነውና ሴትየዋ «ደህና ነሽ» ተብላ ትሸኛለች። ባለ ግራጫ ክዳን ቱቦ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ሕዋሳቱ ስኳሩን እንዳይበሉ ቱቦው ውስጥ የሚጨመረው ፍሎራይድ በደንብ መሥራት እስኪጀምር ስኳሩ መውረዱን ይቀጥላል። ቱቦውን በረዶ ውስጥ ክተቱት፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ፕላዝማውን፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ከሕዋሳቱ ለዩ። ካልተቻለ የዘገየውን ደቂቃ መዝግቡና ጽሑፋችሁ ውስጥ አስገቡት። የወጣቶች ጥናት ለግምገማ ሲመጣልኝ ከመደምደሚያው በፊት የምፈልገው ያንን ደቂቃ ነው።