«ቲዎሪውን ሸምድጃለሁ፣ ምን ላድርግበት?»

የአንባቢያን ጥያቄ፤ መልስ የምትሰጠው ደሴ የምትኖር ጡረተኛ የሶሾሎጂ መምህርት ናት

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ የሶሾሎጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ «የፈንክሽናሊዝምን ዋና ዋና ሐሳቦች ዘርዝሪ» ከተባለ የሚቀድመኝ የለም። የጥናት ዘዴ ኮርስ ላይ ግን ፕሮፖዛሌን ሳቀርብ «ለምን መጠይቅ መረጥሽ? ከየትኛው ቲዎሪ ተነስተሽ ነው?» ተብዬ አፌ ተያዘ። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ገና ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ኤ-ሌቭል የሚሉትን ይማራል። የፈተና ወረቀቱን በቴሌግራም ላከልኝ። አንዱ ጥያቄ አንድ አንቀጽ ይሰጥና «ይህን ጉዳይ በዚህ ዘዴ ማጥናት ጥንካሬውና ድክመቱ ምንድን ነው?» የሚል ነው። በታናሼ ተበለጥኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ልጁ የበለጠሽ በሚጠየቀው ጥያቄ እንጂ በንባብ አይመስለኝም። ከእንግሊዝ ፈታኝ ቦርዶች አንዱ የሆነው ኤኪውኤ በሶሾሎጂ የሚያወጣው የመጀመሪያው ወረቀት ከ80 ነጥብ የሚታረም ነው። ከዚያ ውስጥ 20ው የተሰጠው አንድን የጥናት ዘዴ ከአንድ የትምህርት ቤት ጉዳይ ጋር አዛምዶ ለመመዘን ነው። ልጁ ስለ መጠይቅ በጠቅላላው ቢያወራ ብዙ ነጥብ አያገኝም፤ ከትምህርት ቤት ስለሚቀሩ ልጆች በመጠይቅ ማጥናት ምን ችግር እንዳለው ማየት አለበት። መጠይቁ በሚታደልበት ቀን እነዚያ ልጆች ክፍል ውስጥ የሉማ!

ለአንቺ ግን ቲዎሪና የጥናት ዘዴ በሁለት መምህር፣ በሁለት ደብተር ስለመጡ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች መሰሉሽ። ቲዎሪ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር እንድትጠይቂ የሚያደርግሽ ነው፤ ዘዴው ከዚያ ጥያቄ ይወለዳል። በሩቅ አገር ምሳሌ አላደክምሽም፣ የሰፈርሽን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን የቀብር መረዳጃ ማኅበር፣ እንውሰድ።

ፈንክሽናሊዝም ኅብረተሰብን እንደ አንድ አካል፣ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ተግባር እንዳለው አድርጎ ያያል። ከመሠረቱት አንዱን፣ ፈረንሳዊውን ዱርካይምን (እ.ኤ.አ. 1858–1917፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሰኞ ገበያ አምጥተሽ አንድ ቀብር ብታሳዪው ዓይኑን አይነቅልም ነበር። ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን አስከሬን ተሸክሞ ሲሸኝ አይቶ «ይህን ሕዝብ አንድ ላይ የያዘው ምንድን ነው?» ይላል። አሜሪካዊው ሮበርት መርተን ደግሞ በ1949 ግልጽና ስውር ብሎ የለያቸውን ተግባራት ይፈልጋል። ግልጹ መቅበር ነው። ስውሩ ድንኳን ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ነው፦ የተኳረፈ ይታረቃል፣ ሥራ ያጣ ስለ ሥራ ይሰማል፣ የደረሰች ልጅ ትታያለች።

ማርክሲስቱ እንባውን ትቶ መዋጮውን ይቆጥራል። ለባለ ሱቁም ለሊስትሮውም እኩል የተጣለ መዋጮ በእርግጥ እኩል ነው ወይ? የቅሬ ዳኛ ሆኖ የሚመረጠውስ ምን ያለው ሰው ነው? «ሞት ሁሉን እኩል ያደርጋል» የሚለው ማጽናኛ የኑሮውን ልዩነት ይሸፍን ይሆን? ፌሚኒስቷ ድንኳኑን ዞራ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ማን ነው፣ መዝገቡ ላይ በአባወራነት የሰፈረውስ የማን ስም ነው ትላለች። ሰዎች እርስ በርስ ሲገናኙ ለነገሮች የሚሰጡትን ትርጉም የሚያጠናው ኢንተራክሽኒስት አንድ ሰው ብቻ ይዞ ይቀመጣል፤ ከቅሬ የወጣውን። አሜሪካዊው ሃዋርድ ቤከር በ1963 እንዳለው ማፈንገጥ ድርጊቱ ውስጥ ያለ ነገር ሳይሆን ሌሎች በሰውየው ላይ የሚለጥፉት ስም ነው። በእኛ አገር ከቅሬ ከመባረር የከፋ ስም አለ? ያ ሰው ገበያ ሲወጣ ማን ሰላም ይለዋል፣ ራሱንስ እንዴት ያያል?

አንድ ቀብር ነው፣ ጥያቄው ግን አራት ሆነ። አሁን ዘዴውን ራስሽ ልትመርጪ ትችያለሽ። የቅሬ አባል የሆኑ ቤተሰቦች በችግር ጊዜ ካልሆኑት ይልቅ የሚበደሩት ሰው ያገኛሉ ወይ ካልሽ፣ ብዙ ሰው፣ አንድ ዓይነት ጥያቄና ቁጥር ያስፈልግሻል፤ መጠይቅ ያዢ። ከቅሬ የወጣ ሰው ኑሮው እንዴት ነው ካልሽ ግን በመጠይቅ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» እያልሽ ብታሞዪው ምንም አታገኚም። አምስት ስድስት ሰው ፈልጊ፣ ቡናው እስከ በረካ ይፍላ፣ ያውሩ፣ አንቺ አድምጪ። ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ሶሾሎጂ የሰውን ድርጊት ሰውየው ከሚሰጠው ትርጉም ተነስቶ መረዳት አለበት ያለው ይህን ነው። ያንን መንገድ ከመረጥሽ ውጤትሽ ለደሴ ሁሉ ይሠራል እንዳትዪ። ሌላ አጥኚ ደግሞ ሠርቶ ያንኑ ላያገኝ ይችላል፤ ሪላያቢሊቲው (ሲደገም ያንኑ ውጤት የመስጠት አቅሙ) ያንሳል፣ ቫሊዲቲው (እውነተኛውን ነገር የመያዝ አቅሙ) ይበልጣል። ይህን ድክመት ቀድመሽ ራስሽ ከጻፍሽው ፈታኙ የሚነጥቅሽ ነገር የለም።

መዝገብ አለ ብለሽ ደግሞ አትመኚ። ዱርካይም በ1897 ራስን ስለ ማጥፋት ያሳተመው ጥናት በአብዛኛው በመንግሥት መዛግብት ላይ የቆመ ነበር፤ ፕሮቴስታንት ከካቶሊክ፣ ያላገባ ካገባ ጋር ተነጻጽሮ፣ ማኅበራዊ ትስስሩ የላላበት ዘንድ ቁጥሩ ከፍ ይላል የሚል ነው። በ1967 አሜሪካዊው ሶሾሎጂስት ጃክ ዳግላስ «ቁጥሩን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ተነሳ። ትስስሩ የጠነከረ ቤተሰብ የሟቹን ነገር የሚሸፍንለት ዘመድ ሞልቶታል፤ ስለዚህ መዝገቡ የሚያሳየው የሞቱን ብዛት ሳይሆን የመሸፈን አቅምን ሊሆን ይችላል አለ። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልገውም። ለቅሶ ቤት «ምን ሆኖ ነው?» ሲባል «ድንገት አመመው» ተብሎ ወሬው ሲቀየር ስንት ጊዜ ሰምተናል።

የቅሬ መዝገብም እንዲሁ ነው። ናሙና ለማውጣት የተመቸ ዝርዝር ይመስላል፤ ዶርም የሚኖር ተማሪ፣ በቅርብ የተከራየ፣ ትናንት ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ የለም። ከዚያ ዝርዝር ብቻ ናሙና አውጥተሽ «የደሴ ነዋሪ እንዲህ ነው» ካልሽ፣ የደሴን ነዋሪ ሳይሆን ሥር የሰደደውን ደሴዬ ነው ያጠናሽው። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ፕሮፖዛልሽ ውስጥ አስገቢያት።

ስለ እኛው አገር የተሠራ ጥናት አንብቢ። ደሳለኝ ራህማቶ በ1991 ያሳተሙት የአምባሰል ገበሬዎችና የረሃብ ጥናት ስንት ሰው እንደተራበ በመቁጠር አይበቃውም፤ ረሃቡ ሲመጣ ገበሬው ራሱ ለመትረፍ ምን ምን አደረገ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ሲቀየር ገበሬው ተረጂ ብቻ ከመሆን ወጥቶ የሚያቅድ፣ የሚያመዛዝን ሰው ሆኖ ይታያል።

ለአክስትሽ ልጅም የቅሬውን ነገር ላኪለት። ለንደን ውስጥ ይህን ምሳሌ የሚያመጣ ሌላ ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ለመምህርት፦ ልጄ ሐኪም ትሆናለች ስል ሶሾሎጂ ደረሳት። ትርፉ ምንድን ነው? ሥራስ አለው? (አባት፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አባባ፣ አልዋሽዎትም፤ ዲግሪውን ይዛ እንደወጣች ሥራ በር ላይ አይጠብቃትም። ተመራቂዎቹን የማያቸው በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮዎች፣ በእርዳታ ድርጅቶች፣ መረጃ በሚሰበስቡ ተቋማትና በማስተማር ላይ ነው። የሚቀጥሩትም አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪውን ሳይሆን «መጠይቅ አዘጋጅተሽ፣ ሰው አነጋግረሽ፣ ቁጥሩን አቀናብረሽ ሪፖርት መጻፍ ትችያለሽ?» የሚለውን አይተው ነው። ስለዚህ ኤክሴልና ኤስፒኤስኤስ የሚባሉትን ቁጥር የሚቀናበርባቸው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሁኑኑ ትማር። አፋን ኦሮሞ ካልቻለች ከከሚሴ ወዳጅ ታብጅ፤ በእኛ አካባቢ ሁለት ቋንቋ የሚናገር መረጃ ሰብሳቢ ተፈልጎ አይገኝም። ሐኪም ስላልሆነች ግን ፊትዎን አያጥቁሩባት፣ እርሷም ሳታዝን አልቀረችም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሴት ሠራተኞች ለምን ቶሎ ቶሎ ሥራ እንደሚለቁ ነው። አማካሪዬ 200 መጠይቅ በትን አለኝ። ፈቃድ ስጠይቅ የፈረቃ አለቃዋ ራሷ ልታድልልኝ ተስማማች። ተሞልቶ ሲመለስ ሁሉም ማለት ይቻላል «በሥራዬ ረክቻለሁ» ይላል። የረካ ሰው እንዴት ይለቃል? ልጣለው ወይ?

መልስ፦ እንዳትጥለው! እጅህ ላይ ያለው ስለ እርካታ የሚናገር መረጃ ባይሆንም ስለ አለቃ የሚናገር ነው። ወረቀቱን የምታድለው፣ የምትሰበስበው፣ ነገ የትርፍ ሰዓት የምትመድበው አንድ ሴት ከሆነች ከዚህ ሌላ መልስ ማን ይጽፋል? የአሰባሰቡን ሁኔታ እንዳለ ጻፈው።

ሠራተኛ ሲታይ እንደሚለወጥ የሚነገረው ትልቁ ታሪክ ቺካጎ አጠገብ የነበረው የሃውቶርን ፋብሪካ ነው። በ1924 የተጀመረው ሙከራ ብርሃን ሲጨመር ምርት ይጨምር እንደሆነ ለማየት ነበር፤ ብርሃኑ ሲቀነስም ምርቱ ጨመረ ተባለ፣ ምክንያቱም ሴቶቹ እየታዩ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። በኋላ ቁጥሮቹን መልሰው የመረመሩ ሰዎች ታሪኩ የተባለውን ያህል ንጹሕ አይደለም ብለዋልና ስትጠቅሰው እንደ ወንጌል አትጥቀሰው።

ከአለቃዋ የባሰ ችግር ግን አለብህ፤ አማካሪህም ያላየው ይመስለኛል። የምታጠናው ስለለቀቁት ነው፤ የጠየቅኸው ያልለቀቁትን ነው። 200ውም ቢሆን 2,000ም ብትበትን ከፋብሪካው በር ውስጥ ያለ ሰው ለምን እንደወጣ ሊነግርህ አይችልም። የወጡትን ፈልግ። ዝርዝር አታገኝም፤ አንዷን ካገኘህ ግን እሷ አብራት ቤት የተከራየችውን ትጠቁምሃለች፣ ያቺ ደግሞ ሌላዋን። ይህ ወካይ ናሙና አይደለም፣ በጓደኛ የተያያዘ ናሙና ነው፤ ይህንንም ጻፍ። ምናልባት የምትሰማው ደመወዝ ሳይሆን የቤት ኪራይ፣ የሌሊት ፈረቃ መንገድ ወይም እናት መታመም ይሆናል። አስቀድመህ አትገምት፣ መልሱን በጥያቄህ ውስጥ አታጉርሳቸው። ዊልያም ዋይት በ1943 ያሳተመውን የቦስተን የጣሊያኖች ሰፈር ጥናት ሲሠራ፣ የሰፈሩ ልጅ የሆነው ወዳጁ ጥያቄ ማብዛቱን ትቶ ዝም ብሎ አብሯቸው እንዲቀመጥ መክሮታል። መልሱ ሳይጠይቅ ይመጣ ጀመር።

አንተ ወንድ ነህ፣ እዚያው ፋብሪካም ትሠራለህ። ሁለቱም ነገር ሴቶቹን ሊያሳቅቅ ይችላል። የምታምናት ሴት የክፍል ጓደኛ ካለችህ ቃለ መጠይቁን እሷ ትምራው። ማን እንደሆንክና ለምን እንደምትጠይቅ ደብቀህ በጓደኝነት ወሬ አታውጣ፤ ተመራማሪ መሆንህን ሳያውቁ ያጫወቱህን ጽሑፉ ውስጥ ማስገባት የለብህም። ስም፣ መስመር ቁጥር፣ የትውልድ ቀበሌ አትጻፍ። «የሐይቅ ልጅ፣ ስፌት ክፍል፣ የሁለት ልጆች እናት» ብለህ ከጻፍክ አለቃዋ ስሟን በአንድ ደቂቃ ታውቀዋለች።

አማካሪህ ቁጥር ካልሆነ አልቀበልም ካለ 200ውን በአንድ ምዕራፍ አቅርብለት፣ ከለቀቁት የሰማኸውን በቀጣዩ ምዕራፍ አድርግ፣ ሁለቱ ለምን እንደማይገጥሙ ደግሞ ውይይቱ ላይ ጻፍ። አሁንም እምቢ ካለህ ፕሮፖዛልህን ላክልኝ፣ አይቼው ምን ብለህ እንደምትመልስለት እንመካከራለን።