«ተናድጄ ነው» ማለት ያዋጣል? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ ስለጻፍኩ የኪራይ ጥያቄ ነበር የጠበቅኩት። የመጣልኝ ግን ስለ ግድያ ነው። እሺ፣ እንደ አመጣጡ እንመልስ።

ከፒያሳ የጻፈው ወጣት የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ሲያይ የሚያድር ይመስለኛል። «ፈርስት ዲግሪ መርደር» (የመጀመሪያ ደረጃ ግድያ) እና «ማንስሎተር» (ከዚያ ቀለል ተደርጎ የሚታይ ግድያ) የሚሉት ነገር እኛም ሕግ ውስጥ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

በዲግሪ የለም። እሱ የአሜሪካኖች ነው፤ ፔንሲልቬንያ በ1794 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረችው። የኛ ሕግ ዘሩ ሌላ ነው። የ1949ኙን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። ዛሬ የምንሠራበት የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ብዙውን ከዚያ ነው የወረሰው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት?» የሚለው ነው። አስቦ ከሆነ ሦስት መደብ አለ። ከባዱ አንቀጽ 539 ነው፦ ጭካኔ ወይም አደገኛነት የታየበት፣ በቡድን ተደራጅቶ የተፈጸመ፣ ሌላ ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመሸፈን የተደረገ። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። ተራው 540 ሲሆን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላሉ 541 ነው፤ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። በቸልተኝነት መግደል ደግሞ ለብቻው በ543 ተቀምጧል። ሟቹ ያው ሟች ነው። ልዩነቱ ያለው በገዳዩ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ከአብነት ሰፈር አንድ አንባቢ። ጓደኛው ግሮሰሪ በር ላይ ተጣልቶ አንድ ሰው ገፈተረ። ሰውየው ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ በማግስቱ ሞተ። «አንዴ ብቻ ነው የነካው፤ እንዴት በአስቦ መግደል ይጠየቃል?»

ላይጠየቅም ይችላል። ሕጉ ሰው ካሰበውና ሊደርስ እንደሚችል አውቆ ከተቀበለው በላይ ለሆነው ነገር አስቦ እንደሠራ አይቀጣውም። ለተረፈው በቸልተኝነት ደንብ ነው የሚታየው። ግን ልብ በል፣ «አስቦ» ማለት የግድ «አቅዶ» ማለት አይደለም። «ሊሞት ይችላል፣ ይሙታ!» ብሎ የመታም አስቧል። ታዲያ ዳኛ ይህን በምን ያውቃል? በምን መታው፣ የት ላይ መታው፣ ስንት ጊዜ መታው፣ ከወደቀስ በኋላ ቀጠለ ወይ? አንድ ግፍትሪያ እና በቢራ ጠርሙስ አናት ላይ ሦስት ጊዜ መምታት አንድ አይደሉም። ጓደኛህ ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ አሁኑኑ ጠበቃ ይያዝ። አቅም ከሌለው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ይጠይቅ። እስከዚያው ዝም የማለት መብት አለው። ጣቢያ ገብቶ «አሳየዋለሁ ብዬ ነበር» ያለ ሰው ያን ቃሉን በኋላ መዋጥ ይቸግረዋል። ይህን እያጋነንኩ አይደለም።

ከልደታ፣ በአንድ መስመር፦ «ሰክሬ ነበር ብሎ ነጻ መውጣት ይቻላል?» አይቻልም። ሊገድል ብሎ የጠጣማ ጭራሽ።

ከካዛንቺስ የመጣው ደብዳቤ ረጅም ነው። ጸሐፊዋ ሴት ናት። ጎረቤቷ ሚስቱን ገደለ። ለቅሶ ላይ የተቀመጡ ሰዎች «ወንድ ልጅ ነው፣ ፍቺ ስትጠይቀው ደሙ ፈልቶ ነው፣ ቀላል ነው የሚሆንለት» ይላሉ። እውነት ነው ወይ ትላለች።

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ወሬ እኔም ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

አንቀጽ 541 በብርቱ ስሜት ለገደለ ሰው ቦታ መስጠቱ እውነት ነው። ነገር ግን መናደድ ብቻውን አያስገባም። ቅጥረኛ ካልሆነ በቀር ሰው የሚገድል ሁሉ ተናዷል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው፦ ከባድ መነሣሣት ደርሶበት፣ ወይም ድንገተኛ ድንጋጤ ወይም ብርቱ ስሜት አይሎበት መሆን አለበት። ያም ስሜት በሁኔታው ሲታይ የሚገባን፣ በተወሰነ ደረጃም ይቅር የሚባል መሆን አለበት። ሁለቱንም ማሟላት አለበት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይይዝና ሁለተኛውን ይረሳዋል።

ፍቺ መጠየቅስ? የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልም ሚስትም ምክንያት ሳይገልጹ ፍቺ መጠየቅ እንደሚችሉ ይደነግጋል። በሕግ የተሰጣትን መብት የጠየቀች ሴት እንዴት ሆኖ ነው «አነሣሣችው» የምትባለው? እኔ በበኩሌ አይገባኝም። ዳኛም ሊገባው አይገባም።

ሰዓቱም አለ። ጠዋት ተጣልተው፣ ሰውየው ወጥቶ፣ ቢላ ገዝቶ፣ ማታ በር ላይ ጠብቋት ከሆነ ያ የቅጽበት ስሜት አይደለም። ቢያንስ 540 ነው። ዝግጅቱና አፈጻጸሙ ከከፋ 539ም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው እናንተ ጎረቤቶች የምትመጡት። ችሎት ላይ የሚሰማው የሱ ታሪክ ነው፤ «ሰደበችኝ፣ ራሴን ሳትኩ» ይላል። እሷ መልስ አትሰጥም። ከዚያ በፊት «እገድልሻለሁ» ሲላት የሰማው ማነው? ጎረቤት። እህቷ ቤት ሸሽታ ስታድር ያየው? ጎረቤት። ለቅሶ ላይ ይህን ሁሉ የሚተርክ ሰው መርማሪ ሲመጣ «እኔ ምንም አላየሁም፣ ልጆች አሉኝ» ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በ5 ዓመት ቀላል እስራት እና በ20 ዓመት ጽኑ እስራት መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚሞላው ይኸው ያልተነገረው ነገር ነው። ዛቻ የተላከበት ስልክ ካለ አይጥፋ። ወረዳ ወይም ፖሊስ ጣቢያ አቤት ብላ ከነበረ ቀኑን ለመርማሪው ንገሩት። አንቺም የሰማሽው ካለ ሂጂና ቃልሽን ስጪ። ከኔ ደብዳቤ ይልቅ እሱ ይጠቅማታል።

ከመርካቶ አንድ ነጋዴ፦ «ሌሊት መጋዘኔ የገባ ሌባ ዘበኛዬ ቢገድለው ሕጉ ምን ይላል?»

የደረሰን ወይም ሊደርስ የተቃረበን ሕገ ወጥ ጥቃት በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለ መከላከል ይፈቀዳል። መከላከሉ ግን ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ገጀራ ይዞ ከመጣበት ሰው ራሱን ያዳነ አንድ ነገር ነው፤ ሸሽቶ አጥር ላይ የተንጠለጠለን ሌባ ከኋላ መተኮስ ሌላ ነው። ልኩን አልፎ የገደለ በ541 ሊታይለት ይችላል እንጂ እንዲያው ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም። ጥያቄዎ ገና ያልደረሰ ነገር በመሆኑ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ማታ ዘበኛዎን ያነጋግሩት።

ከለገሃር የሚኒባስ ሾፌር ወንድም። ወንድሙ መንገደኛ ገጭቶ ገድሏል። ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ተከፍሏል፤ ታዲያ ክሱ ለምን አይዘጋም?

ምክንያቱም ክሱ የሟች ቤተሰብ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ዕርቁ ግን ከንቱ አይደለም፤ መጸጸትና መካስ ቅጣት ያቀላል። ሾፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት በቸልተኝነት ሲገድል ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ጠጥቶ ከነበረ፣ ግልጽ ደንብ ከጣሰ ወይም ሁለት ሰው ከሞተ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። «ደንብ ጥሷል» የሚለው ላይ ነው ጠቡ ሁሉ፤ የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ጠበቃ ሳያየው ወንድምህ ጥፋተኛ ነኝ እንዳይል። ይህን ምክር እንደ ልማድ አትቁጠረው።

ስሟን ያልጻፈች አንባቢ፦ «ዕድሜ ልክ ማለት 25 ዓመት ነው አይደል?» አይደለም። 25 በዓመት ለሚቆጠር ጽኑ እስራት ጣሪያው ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ መውጣት ሊፈቀድለት ይችላል።

በመጨረሻ ከአራት ኪሎ፦ ልጃቸው የተገደለባቸው አባት፣ የኅሊና ካሳ (ለኀዘናቸው የሚከፈለው) 1,000 ብር ብቻ ነው መባሉን ማመን አቅቷቸዋል።

አባቴ፣ ነፍስ ይማር። እውነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ከዚያ አይበልጥም ብሏል። ያኔ 1,000 ብር ምን ይገዛ እንደነበር እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። ልጅዎ ይጦርዎት ከነበረ ግን የተቋረጠውን መተዳደሪያ በተመለከተ በአንቀጽ 2095 ለብቻው መጠየቅ ይችላሉ፤ እሱ በ1,000 ብሩ አልተገደበም። ይልክልዎት የነበረውን ገንዘብ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ይሰብስቡና ጠበቃ ጋ ይሂዱ።