ፓምፑ ከመውረዱ በፊት ታንኩን ክፈት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ትራክተር ትዝ አለኝ። ትራክተርህ ግማሽ ሰዓት አርሶ አቅም ያጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ትንሽ አርፎ ሲነሳ ምንም እንዳልነካው ይሠራል። የፊልትሮው ብርጭቆ ሥር ውሃ አይተሃል። መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑ ይውረድ ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ ፊልትሮ ቀይሬ ናፍጣው ላይ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ልጨምርበት ወይ ትላለህ። ለጊዜው ሁለቱንም ተው።

1. ሲጠፋብህ ወዲያው የታንኩን ክዳን ክፈት። አየር በኃይል ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ታንኩ አየር ካላገኘ ናፍጣ አይሰጥም። ቀዳዳውን ጠርገህ ሞክረው፤ ነገሩ እዚያው ሊያልቅ ይችላል።

2. አየር ካልሳበ በጀሪካን ፈትነው። ንጹሕ ጀሪካን ናፍጣ ሙላና ከፊልትሮው ከፍ አድርገህ፣ ከጭስ ማውጫው አርቀህ ጥብቅ አድርገህ እሰረው። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ንቀልና ድፈነው፤ በእሱ ቦታ የጀሪካኑን ቱቦ ቀጥል። ትርፉን ናፍጣ የሚመልሰውን ቱቦም ወደ ጀሪካኑ አዙረው፤ አለዚያ ጀሪካኑ ቶሎ ያልቅብሃል። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ከታች እንደምነግርህ አስወጣና ሥራ። በጀሪካን ሳይጠፋ ከዋለ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መስመር ላይ ነው። ፓምፑን ማንም እንዳይነካብህ።

እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ጋራዡ ውስጥ "እባካችሁ መጀመሪያ ታንኩን እንየው" ብዬ ለምኛለሁ። ዋናው መካኒክ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "አንተ እርሻህን እረስ፣ ሞተሩን ለእኛ ተወው" አለኝ። ፓምፑ ወረደ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎችም ተፈቱ። የእርሻው ወቅት እያለፈ ትራክተሬ ጋራዥ ተገትሮ ቆየ። ከፍዬ ወሰድኩት፤ ማሳው ላይ እንደ በፊቱ ጠፋ። ተመልሼ ስነግራቸው ደግሞ "አነዳድህ ነው" አሉኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ጀሪካን ያሰርኩት። እስኪመሽ አረሰ፤ አንዴም አልጠፋም። በማግስቱ የናፍጣ መለኪያውን ፈትቼ በባትሪ ወደ ታንኩ ውስጥ አየሁ። ሥሩ ላይ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። በላዩ እንደ ንፍጥ የሚጎተት ጥቁር ነገር አለ። መሳቢያው ቱቦ አፍ ጋ ደግሞ የዘይት ጋሎን አፍ ላይ የሚለጠፈው ስስ ሽፋን፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ፣ ይንሳፈፋል። ሞተሩ ሲስብ ሄዶ አፉን ይደፍናል፤ ሲጠፋ ይለቃል። ትራክተሩ አርፎ የሚነሳው ለዚህ ነበር። ያ ሁሉ ወጪ በዚያች ቁራጭ ነው።

3. ወደ ማጽዳቱ እንምጣ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ትራክተሩን የማፍሰሻው ቡሎን ዝቅ በሚልበት በኩል አዘንብለህ አቁመውና ሳትነካው አሳድረው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፤ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም አይኑር። ቡሎኑን ቀስ ብለህ ፍታና በሚያሳይ ዕቃ ተቀበል። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃና ዝቃጩ ነው። ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አትዝጋ።

ጥቁሩን ንፍጥ ካየህ ግን ማፍሰስ ብቻ አይበቃህም። እሱ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ቦታ የሚባዙ የባክቴሪያና የፈንገስ ዘር ነው። ታንኩን አውርደህ በንጹሕ ናፍጣ ደጋግመህ እያናወጥክ እጠበው። ቤንዚን አትጠቀም፤ ትነቱ በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል፣ ቅሪቱም ፓምፑን ማለስለሻ ያሳጣዋል። ክር የሚተው ጨርቅም አታስገባ። መሳቢያውን ቱቦ ከፊልትሮው በኩል ነቅለህ፣ የታንኩን ክዳን ከፍተህ፣ በቀላል አየር ወደ ታንኩ ንፋው። ወደ ፓምፑ በጭራሽ አትንፋ። አንተ ያሰብከው ጀርም ገዳይ መድኃኒት ከታጠበ በኋላ ይጠቅማል፤ ሳታጥብ ከጨመርከው የሞተውን ሁሉ ወደ ፊልትሮው ይልክብሃል።

ፊልትሮዎቹን ቀይር፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ፍታና እጠበው። አዲሱን ፊልትሮ በጀሪካን ናፍጣ አትሙላው፤ ያልተጣራው በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይገባል። በእጅ ፓምፑ ሙላው። የፊልትሮውን የአየር ቡሎን አላላና አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ግፋ፣ ከዚያ አጥብቅ። አሮጌ ሜካኒካል ፓምፕ ከሆነ የኖዝሎቹን ዳዶ ትንሽ አላልተህ በሞተሪኖ ታዞራለህ፤ ከ15 ሰከንድ በላይ አታስጩኸው፣ በመሃል ይረፍ። ኮመን ሬይል (ናፍጣውን በአንድ የጋራ ቧንቧ በከፍተኛ ግፊት ይዞ ለኖዝሎቹ የሚያድል አዲስ ዓይነት) ከሆነ ግን እነዚያን ዳዶዎች እንዳትነካ! ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። በዚህ አልቀልድም።

ውሃው ከየት መጣ ካልከኝ፣ አንዱ ምክንያት ጎዶሎ ታንክ ማሳደር ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ባዶው ቦታ ላይ ያለው እርጥበት ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ማታ ከሥራ ስትመለስ ሞልተህ አሳድረው። በርሜል ካለህም ከሥሩ ጠልቀህ አትቅዳ።

ካጸዳህ በኋላ ጥቂት ሰዓት ሠርተህ የፊልትሮውን ብርጭቆ አፍስስ። ግድግዳ ላይ የቀረው ሲናወጥ ይወርዳልና ሁለተኛ ፊልትሮ ቀድመህ ገዝተህ አስቀምጥ። መካኒክህ አሁንም ፓምፑ ይውረድ ካለህ፣ በጀሪካን እየሠራ ያለውን ትራክተር ውሰድና አሳየው።