የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ኦኬ» የማን ቃል ነው?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በስልክም ሆነ በገበያ «ኦኬ» ሳንል የምንውልበት ቀን የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቃሉ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው ይላል፤ ከውጊያ በኋላ የሞተ ከሌለ በሰሌዳ ላይ የዜሮ ምልክትና «የተገደለ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የምትወክለው «ኬ» ይጻፉ ነበር ባይ ነው። ሌላው ደግሞ «ሁሉ መልካም» ከሚለው የግሪክ አነጋገር «ኦላ ካላ» የተወሰደ መሆኑን ይምላል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም አይደሉም። የዚህ ቃል ልደት ከብዙዎቹ የእንግሊዝኛ የመንደር ቃላት በተለየ ሁኔታ ቀንና ቦታ ተለይቶ የሚታወቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ፣ ቻርልስ ጎርደን ግሪን በሚባል አዘጋጁ ብዕር፣ በአንድ የቀልድ ጽሑፍ መካከል «ኦ.ኬ.» ብሎ አትሞ ከጎኑ «ሁሉም ትክክል» የሚል ፍቺ ሰጥቶታል። ጦርነትም ግሪክም በነገሩ ውስጥ የሉም።

ቀልዱ የሚገባን እኛ የአማርኛ አንባቢዎች ሳንሆን አንቀርም። በዚያ ዘመን የቦስተን ጋዜጠኞች ሐረጎችን በመነሻ ፊደላት ማሳጠርን፣ ይባስ ብሎም ፊደሉን ሆን ብሎ ማሳሳትን ፈሊጥ አድርገውት ነበር። «ኦል ኮሬክት» ማለትም «ሁሉም ትክክል» የሚለው ሐረግ በደንቡ ሲጻፍ በ«ኤ» እና በ«ሲ» ይጀምራል፤ እነርሱ ግን በድምፁ ብቻ እንደሚጽፍ ያልተማረ ሰው በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጻፉት። «ፀሐይ ሠረቀች» የሚለውን በእሳቱ «ሰ» ጽፎ ፀሐይዋን ሌባ ያደረገ ተማሪ የኔታን እንዴት እንደሚያስቆጣ የሚያውቅ ሰው የቀልዱን ጣዕም በቀላሉ ይደርስበታል። «ትክክል» የሚለው ቃል ራሱ ተሳስቶ መጻፉ ነበር ሳቁ።

የዚያ ፈሊጥ ሌሎች ልጆች ወዲያው ሞቱ፤ «መልካም» ለማለት ይጻፍ የነበረውን «ኦ.ደብልዩ.» ዛሬ የሚያውቀው የለም። «ኦኬ»ን ያተረፈው ፖለቲካ ነው። በ1840 ለዳግም ምርጫ የቀረቡት ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን የተወለዱት በኒው ዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በተባለች ከተማ ስለነበር፣ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ማለትም «የኪንደርሁኩ ሽማግሌ» የሚል ቅጽል ስም ነበራቸው፤ ደጋፊዎቻቸውም ሁለቱ ፊደላት ከዚህ ስም ጋር መግጠማቸውን ዐይተው የ«ኦ.ኬ.» ክበብ መሠረቱ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል ስለማያውቁ ሰነድ የሚያጸድቁት «ኦ.ኬ.» እያሉ ነበር ብለው አላገጡ። ቫን ቡረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን በአገሩ ሁሉ ተሠራጨ።

በጃክሰን ላይ የተፈጠረው ወሬ እውነተኛውን መነሻ ከመቶ ዓመት በላይ ጋርዶት ቆይቷል። ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰን እንኳ ቃሉ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ከቾክቶዎች ቋንቋ የመጣ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር በሰነዶች ላይ «ኦኬህ» ብለው ይጽፉ ነበር። ነገሩን የቋጨው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ምሁር አለን ዎከር ሪድ ሲሆን፣ አሮጌ ጋዜጦችን አገላብጦ ያገኘውን ማስረጃ በ1963 እና በ1964 «አሜሪካን ስፒች» በተባለው መጽሔት ላይ በተከታታይ አሳትሟል።

ጥያቄ፦ «ቅንጡ» ለማለት የሚነገረው «ፖሽ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልስ ወደ ሕንድ ይጓዙ በነበሩ የእንግሊዝ ሀብታሞች የመርከብ ትኬት ላይ ከሚታተሙ አራት ፊደላት የመጣ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ታሪኩ ያማረ ነው፤ አራቱ ፊደላት «ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መነሻዎች ናቸው ይባላል፤ በዚያ በኩል ያለው ክፍል ከፀሐይ ይከልላልና። ችግሩ እንዲህ ያለ ማኅተም ያረፈበት ትኬት አንድም አለመገኘቱ ነው። ከዚህ ይልቅ ቃሉ በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የመንደር ቋንቋ ገንዘብን፣ በተለይም ግማሽ ፔኒ የሚባለውን ትንሽ ሳንቲም ያመለክት የነበረ ሲሆን፣ ይህም ብዙዎች ጂፕሲ በሚሏቸው በሮማኒ ሕዝቦች ቋንቋ «ግማሽ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። በፊደላት ምህጻር የሚፈታ አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃል ሲነግሩዎ በአብዛኛው መጠራጠር ይበጃል፤ «ኦኬ» ራሱ ግን በእውነት ምህጻር ሆኖ መገኘቱ እንዲህ ያሉ ተረቶችን ሁሉ እንድናምን ያበረታታን ይመስለኛል።